ጋሼ ወርቁ ያልጣሉት ቁልፍ

ይህን ነገር ሊፈርድብኝ ለሚችል ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን እየነገርኩ ይቺን እዘላታለሁ። ስናገረው ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። ምናልባት ምንም።

ጋሼ ወርቁ ዘመዴ አይደሉም። ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስመጣ፣ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ካለው አፓርታማቸው አንዷን ክፍል አከራይተው እንደ ልጅ የያዙኝ ሰው ናቸው። ከኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ነው ያረጁት። ሚስታቸው ሞተዋል። ሂሩት የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ቫን ናይስ ከባሏና ከትንሿ ልጇ ጋር ትኖራለች። ጋሼ ወርቁ ዕቃ ያነሱበት ቦታ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። መቀስ ቢሉ፣ ባትሪ ቢሉ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ባነሳ አልሳሳትም።

እሁድ እሁድ መኪናቸውን ያውሱኝ ነበር። ዌስትቼስተር አንድ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፤ እሁድ አውቶቡሱ ይዘገያል። "ፍሪዌይ፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ ብቻ እንዳትወጪ፣ ለመንዳት ገና ነሽ" ይሉኛል። እሺ እላለሁ።

አንድ እሁድ አረፈድኩና ፍሪዌይ ላይ ወጣሁ። ጎማው ተነፈሰ። እንደምንም ከፍሪዌዩ ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት ጎሚስታ ጋ ገባሁ። በእሳቸው መኪና ጎማዎች ላይ፣ ሌባ እንዳይፈታቸው፣ ከቡሎኖቹ መካከል አንዷ ቅርጿ የተለየ ነው። አውራ ጣት የምታህል የራሷ ቁልፍ ካልተገኘ አትፈታም። ጎሚስታው ቁልፉን ጠየቀኝ። ጋሼ ወርቁ ከሚያኖሩበት፣ ከፊት ካለው መሳቢያ አንስቼ ሰጠሁት። ጎማውን ለጥፎ መለሰልኝ። ቁልፉንስ? ተቀብዬው ነበር? ኮፈኑ ላይ አስቀምጦልኝ ሳላየው ነድቼ ሄድኩ? ሥራ ቦታ ደርሼ ስከፍት መሳቢያው ባዶ ነው። በማግስቱ ጎሚስታው ጋ ተመለስኩ። የለም።

ለምን አልነገርኳቸውም? ብነግራቸው ፍሪዌይ ላይ መውጣቴን ያውቃሉ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢቆጡኝም ምሳ ሳይደርስ ይተዉት ነበር። ሌላ አዝዤ ቦታው እመልሰዋለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ሂሩት ሮድሳይድ አስገብታቸዋለች፤ መንገድ ላይ መኪናው ቢቆም ደውለው ሰው ይመጣላቸዋል። ምን ይሆናሉ፣ ሮድሳይድ አላቸው አይደል፣ እያልኩ ራሴን አስተኛሁ። የሚመጣው ሰውዬ ያችኑ ቁልፍ እንደሚጠይቅ አላሰብኩም? አስቤያለሁ። አስቤ ተውኩት።

ሙቀቱ በበረታበት አንድ ቅዳሜ ሂሩት ቤት ግብዣ እያገዝኳት ነበር። ጋሼ ወርቁ የልጅ ልጃቸውን ከዋና ትምህርት ሊያመጡ ወደ በርባንክ ሄደዋል። ሲመለሱ ፍሪዌይ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሮድሳይድ ጠርተው ረጅም ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ወደ ሂሩት ደወሉ። ሁለታችን ተያይዘን ሄድን።

ስንደርስ ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ከመንገዱ አጥር ጥግ ቁጭ ብላለች። ትራኮቹ ባለፉ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል። የሮድሳይዱ ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ቁልፉ ከሌለ ጎትቶ ከመውሰድ ሌላ የሚያደርገው የለም። ጋሼ ወርቁ በሩን ከፍተው አስፋልቱ ላይ ተንበርክከዋል። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል።

"እዚህ ነበር" አሉ። "ከዚህ አንስቼው አላውቅም።"

"አባዬ፣ ታዲያ የት ሄደ? ቤቢ እኮ በሙቀት ልትሞትብኝ ነው። ለምን ቼክ አታደርግም?" አለች ሂሩት።

"እዚህ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እስኪ አንቺ እዪልኝ፣ ዓይንሽ ደህና ነው።"

ተንበርክኬ ፈለግሁ። ወንበሩ ሥር እጄን አስገብቼ ፈለግሁ። ምንጣፉን አነሳሁ። እንደሌለ እያወቅሁ፣ ከእሳቸው ጎን ተንበርክኬ፣ እኔ ፈለግሁ። በዚያ ሰዓት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የወጣኝ ቃል ግን ሌላ ነው።

"የለም ጋሼ" አልኳቸው። "ምናልባት አንስተው ሌላ ቦታ አኑረውት ረስተውት ይሆናል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ "ይሆናል" አሉ።

ያን ቃል እኔ ነኝ ያስባልኳቸው።

ሂሩት ከዚያ በኋላ ልጇን ከእሳቸው ጋር ብቻዋን አላስቀመጠችም። አንድ ስም ቢጠፋባቸው፣ ቀጠሮ ቢያልፋቸው፣ "አየሽ?" ትለኛለች። አያለሁ እላለሁ። በመጨረሻ መንዳት እንዲያቆሙ ለመነቻቸው፤ አልተከራከሩም። መኪናውን ለእኔ ሰጡኝ። "አንቺ ጠንቃቃ ነሽ" አሉኝ። ተቀበልኩ። ነዳሁት። ፌርፋክስ ላይ ከታክሲ ጓደኞቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ቦታ በእግር የሚደርስ ነው፤ እሱንም ተዉት። በሩን ቆልፈው፣ ተመልሰው ነክተው፣ እንደገና እኔን "ቆልፌዋለሁ?" ብለው ይጠይቁኛል። የገዛ እጃቸውን ማመን አቆሙ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ጀምሯቸዋል አለ። ሂሩት ስታለቅስ አቅፌያት ነበር። እያቀፍኳት ቀለል አለኝ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ እሱ ነው። እንግዲያው መታመማቸው አይቀርም ነበር፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ አልኩ። ግን ያን ቅዳሜ ታመው ነበር? አልነበሩም። "እዚህ ነበር" ያሉት ልክ ነበር።

አሁን ያሉት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ያውቁኛል፣ አንዳንዴ ሂሩት እመስላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ብቻችንን ስንሆን ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ የጎማውን ቁልፍ የጣልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም" አልኳቸው። በአእምሯቸው እንደማይይዙት አውቄ ነው የነገርኳቸው። ይህን ድፍረት ብሎ የሚጠራ ካለ ተሳስቷል።

እጄን ያዙኝ። "አይዞሽ" አሉኝ፣ "ይገኛል።"

ሂሩት ሾርባ ይዛ ገባች። "ምን እያወራችሁ ነው?"

"ቁልፍ ጠፍቶባት ነው" አሏት። "እሷ ናት የጣለችው።"

ሂሩት እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አሁንም እዚያ ቁልፍ ላይ ናቸው፣ ጭራሽ በአንቺ አሳበቡ፣ ማለቷ ነው። እንዳልሽው ነው በሚል ራሴን ነቀነቅሁላት። ሾርባውን ተቀብዬ ማንኪያውን አነሳሁና አበላኋቸው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም።