ሳላይ «አይቻለሁ» ብዬ የጻፍኩት ዓይን

«ሲስተር፣ የአባቴ ግራ ዓይን እኮ በልጅነቱ እሾህ ወግቶት የጠፋ ነው።»

ዘይነባ ይህን ያለችኝ ዛሬ ጠዋት ነው። በእጄ የያዝኩት ካርድ ግን «ሁለቱም ብሌኖች እኩል ናቸው፤ ለብርሃን ይኮማተራሉ» ይላል። ሦስት ተረኛ ነርሶች ጽፈውታል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

አባቷ አያ እድሪስ የሮቢት ገበሬ ናቸው። ትናንት ወደ ቆቦ ገበያ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ራሳቸውን ስተው ወደ ሆስፒታላችን መጡ፤ ግራ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ተከድኗል።

አንጎል ውስጥ ደም ሲጠራቀም ብሌን ይሰፋል፣ ለብርሃን መኮማተሩንም ያቆማል። በየሰዓቱ በባትሪ የምናየው ለዚህ ነው።

ያበጠውን የዓይን ቆብ የገለጠ ሰው ግን አልነበረም። እኔም ያለፈው ተረኛ የጻፈውን ገልብጬ ፈረምኩ። ካርዱ እንኳ ያምራል፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ያመሰግነን ነበር።

ደንግጬ ደህና የተባለውን ቀኝ ዓይን ከፈትኩ። ብሌኑ ሰፍቷል። የስልኬን መብራት ባበራበትም አልተነቃነቀም።

መቼ እንደሰፋ የሚያውቅ የለም።

ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላቸው። ዘይነባ አምቡላንሱ ውስጥ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ቀደም ብሎ ቢታወቅ ይሻለው ነበር?» አለችኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኳት። በሩ ተዘጋና ሄዱ። እስካሁን አልደወለችም፤ እኔም ለመደወል አልደፈርኩም።

የጤና ባለሙያ ጓደኞቼ፣ ሳታዩ «አይቻለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁበት ቀን ካለ እዚህ ጻፉት። ለማጽናናት የምትመጡ ግን ይቅርባችሁ።