የእናቴ ትንፋሽና የእሱ አምፖሎች

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ነገር ሁለት ሳጥን ማወዳደር ነበር። ከሸክላ ማጫወቻው መርፌ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎሉ ፎኖ ፕሪአምፖች ናቸው፤ አንዱ ባለ አምፖል፣ ሌላው ባለ ትራንዚስተር። ጓደኛው ዳንኤል አንዱን መርጠን እንድናስቀርና ሌላውን ለሌላ ገዢ እንዲሰጠው እንድንመልስለት ትቶልን ሄዷል። የትኛው እንደሚሠራ እንዳላይ ባለቤቴ ሳጥኖቹን መሸፈን ነበረበት፤ አምፖሉ ስለሚግል ግን ሳጥኑን ትቶ የአባቴን ጋቢ እኔ ላይ ጣለው።

በጋቢው ውስጥ የጥጥ ሽታ አወደኝ፤ ልጅነቴም አብሮት መጣ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የመወርወሪያው ኳኳታ የማይለየው ቤታችን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጸጥ ይልና አባቴ እናቴ መሪ ሆና የዘመረችበትን ሸክላ ያወጣል። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ መርፌው ስለሚዘል እጃችንን ከጭናችን ስር አድርገን እንቀመጣለን፤ አርፎ መቀመጥ የማይችለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አባቴ እግሩን ሰዶ በሚሸምንበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። እናቴ አጠገባችን አፍራ እንዳቀረቀረች ድምፅዋ ከሳጥኑ ይወጣል። ከክር በቀጠነ ጭረት ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚኖር ዛሬም አልገባኝም።

ባለቤቴ ያንኑ ሸክላ አስቀመጠ። በመጀመሪያው ሳጥን ድምፆቹ ተሸምነው ያለቁ ጋቢ ሆኑ፤ ሞቁኝ። በሁለተኛው ግን ገና እንደተዘረጋ ድር እያንዳንዱ ለብቻው ታየኝ፣ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊትም አንዲት ሴት አየር ስትስብ ሰማሁ። እናቴ ናት። ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ እዚህ ጉለሌ ሳሎናችን ውስጥ ተነፈሰች።

«ሁለተኛው!» ብዬ ጋቢውን ገለጥኩ።

«ትራንዚስተሩን? አይ የሸማኔ ልጅ! እኔ ዘፈን ስሰማ አንቺ ክር ትቆጥሪያለሽ።»

«አንተ ብርድ ስለማትችል ነው አምፖል የወደድከው።»

ሳቀ። «በቃ፣ ነገ እንወስናለን» አለ።

አልወሰንንም። በዚያው ሳምንት ልቡ ቆመ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ዳንኤል መጣ፤ ስለ ሳጥኖቹ መጠየቅ አፍሮ ኮፍያውን ያሻሻል። እኔው ተነሣሁና ትራንዚስተሩን አንሥቼ ሰጠሁት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። እናቴ የምትተነፍስበትን ቦታ አንዴ ስለሰማሁት አውቀዋለሁ። የባለቤቴን ሙቀት ግን በልቤ ይዤ የማቆይበት መንገድ አላገኘሁም።

አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳጥኑን አበራለሁ፤ እጄን ከጭኔ ስር አድርጌ አምፖሎቹ እስኪሞቁ እጠብቃለሁ።