ኩበት ያልነበረበት ቤት

ስለ ገበሬያችን እንግዳ ተቀባይነት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። የውጭ አገር መንገደኛም ይጽፈዋል፤ የእኛም ሰው እየተቀባበለ ይጽፈዋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ድኻ ነው፣ ግን ያለውን አይሰስትም። ሳይሰስት የሰጠው ሰው በማግስቱ ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይጽፉም። አይፈረድባቸውም፤ በማግስቱ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። እኔ አምስት ሌሊት ስላደርሁ ማግስቱን አይቻለሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ከተማው ውስጥ በጽሕፈት እተዳደር ነበር። አርበኛ አልነበርሁም፤ አሁን ሁሉም ነበርሁ ስለሚል ይህን አስቀድሜ ልናገር። በሰኔ አንድ ቀን ሹሙ ጠራኝና ከነገ ጀምሮ የሸፈቱትን ሰዎች ቤተሰብ ስም እየጠየቅህ ትጽፋለህ አለኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጣሁ። ሕሊና አይደለም ያስወጣኝ። ስማቸውን የምጽፋቸው ሰዎች አንድ ቀን ቤቴን ያገኙታል ብዬ ፈርቼ ነው። ቁይ አጠገብ ዘመድ ነበረኝ። በዋናው መንገድ ኬላ ስላለ በጮቄ ልዙር አልሁ። ጮቄን የማውቀው በካርታ ነበር፤ ካርታ ላይ ደግሞ ተራራ አይበርድም።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደብኝ። ካፖርቴ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ እግሬን መሬት ላይ ሳሳርፈው አይሰማኝም ነበር። የተቃጠሉ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ደረስሁ። ግድግዳቸው ብቻ ቆሟል። ከሁሉም ጣሪያ የነበረው አንዱ ነው። ደጁ ላይ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሞ ሰማዩን ያያል። የመሸበት እንግዳ ነኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ አልመሸም፣ አፌም አልታዘዘኝም።

«ቤት የእግዜር ነው» አለ፣ እንዳልሁት ቆጥሮ። ማን ነህም ከየት መጣህም አላለኝም፤ በብብቴ ይዞ አስገባኝ።

ውስጡ እንደ ውጭው ይቀዘቅዝ ነበር። ሚስቱና አሮጊት እናቱ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል፤ ምድጃው ውስጥ ግን አመድ እንጂ እሳት የለም። በአንድ በኩል የከብት ጋጣ አለ፤ ባዶ ነው፣ አይሸትም። ምን ያለ ንጹሕ ቤት ነው ብዬ እንዳደነቅሁ አስታውሳለሁ። በዚያ አገር ከብት እቤት ውስጥ የሚያድረው ቤቱን በትንፋሹ ስለሚያሞቀው መሆኑን አላውቅም ነበር። የሚነደውም የደረቀ እበቱ፣ ኩበቱ ነው። ስለዚህ ከብት የሌለው ቤት እሳትም የለውም። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ይህን አላነበብሁም።

ልብሴን አወለቁልኝና በወፍራም የሱፍ ባና ጠቀለሉኝ። ሚስቲቱ እግሬን ታሻሻለች። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ዐይኔን አዩና፣

«ይሄ ሰው ሊሞትብን ነው» አሉ።

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሲመለስ የተፈለጠ እንጨት ታቅፏል፤ ያረጀ፣ የደረቀ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ እንጨት። እሳቱ ወዲያው ያዘ።

ነፍሴ ስትመለስ ምላሴም ተመለሰ። የሆኑትን ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። በፋሲካ ሰሞን ወታደሮች መጥተው ከብቱን ሁሉ ነዱት፤ የሽፍታ አገር ነው ብለው ቤቶቹንም አቃጠሉ። ጎረቤት በሙሉ ወደ ቆላ ወረደ። እነሱ የቀሩት አሮጊቷ ቆላ አልወርድም፣ እዚሁ ቅበሩኝ ስላሉ ነው። ጥጉ ላይ አንድ ስልቻ የገብስ ዘር አለ። የሚስቲቱ ወንድም ከተራራው ማዶ ጥንድ በሬ አምጥቶ ሁለት ቀን ሊያርስላቸው ቃል ገብቷል። ሰኔ ሳይወጣ ካልተዘራ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ ውርጭ ከመታው ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት የሚያዩበት ነገር የለም።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ አሮጊቷ። «ከተሜ እንደ እርጥብ ኩበት ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም።»

ሁላችንም ሳቅን። ደስ አለኝ። ተናጋሪነቴ መጣና እሳቱን አሞገስሁ፤ «እኛስ በከተማም እንዲህ ያለ እንጨት አናገኝም፣ እማማ» አልኋቸው። እሳቱ ዝቅ ሲል እግሬን ወደ ፍሙ ዘረጋሁና፣

«ትንሽ ቢጨመርበት» አልሁ።

ሚስቲቱ ባሏን አየችው። «ወንድሜ ከመጣስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ወንድምሽ ከሚያዝያ ጀምሮ ይመጣል» አላትና ወጣ። መጥረቢያው በዚህ ጊዜ ብዙ ቆየ። እኔ ሞቀኝና ተኛሁ።

ጧት በጩኸት ነቃሁ።

«አያ! ተነሥ እንጂ! በሬዎቹ ከአንተ ቀድመው ተነሥተዋል!»

ወንድምየው ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይስቃል። ሁለት በሬዎች ከነቀንበራቸው ደጅ ቆመዋል። «የጣልያንን ምሽግ በሌሊት ዞርሁት» ይላል፤ «ይሄ ቀዩ አንዴ ቢያገሳ ኖሮ ዛሬ እኔንም እሱንም ይጠብሱን ነበር። ቀንበሩን አንገታቸው ላይ አደረግሁት። ሞፈሩን ማን ይሸከመዋል ብዬ ተውሁት፤ ያንተ አለ አይደል?»

ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድሟ ወደ ውስጥ ዘልቆ ምድጃውን አየ። ያልነደደ ቁራጭ ቀርቶ ነበር፤ የሞፈሩ ጫፍ። በእግሩ ነካው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንግዳ ነው» አሉ አሮጊቷ።

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ለመሆኑ ስንት ያህል በርዶህ ነበር?» አለኝ።

መጀመሪያ የነደደው ቀንበሩ ነበር፤ ሞፈሩ ሁለተኛ ነው። ይህን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቀንበሩ ሕይወቴን አተረፈ፤ በሬዎቹም ቀንበራቸውን ይዘው መጥተዋል፤ በዚያ የጎደለ ነገር የለም። ሞፈሩን ያነደደው ብርድ አይደለም። አፌ ነው።

ሌላ ሞፈር አልነበረም፤ የጎረቤቱ ሁሉ ከቤቱ ጋር ነድዷል። ዛፍም አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ጣልያን ለምሽጉ ቆርጦ ወስዶታል፤ ተራራው ላይ ያለውንም የአስታ ቁጥቋጦ ሽፍታ እንዳይደበቅበት አቃጥሎታል። የቀረው ጅብራ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁመቱ የዛፍ ሆኖ ሆዱ ባዶ ነው። ሰውየው መጥረቢያውን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ፤ አመሻሹ ላይ አንድ እርጥብ፣ ጎባጣ እንጨት ተሸክሞ ተመለሰ። ትከሻው ደምቶ ነበር። በማግስቱ ጧት ጠረቡትና ጠመዱ። የመጀመሪያው ትልም ወጣ። ሁለተኛው ላይ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እንጨቱ ከመሐሉ ተሰነጠቀ።

በገመድ አሰሩት። እንደገና ተሰነጠቀ።

ወንድምየው እስከ ቀትር ቆየ። «በሬዎቹን ነገ አገሬ ካላደረስኋቸው የእኔም ማሳ መቅረቱ ነው» አለ። እኅቱን ሳማት፤ የአሮጊቷን ጉልበት ሳመ። እኔን አልተሰናበተኝም። በዚያ ቤት ትክክል የሠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሁለት ቀን በዶማ ቆፈርን። ዝናቡ አላቋረጠም። እኔ በመጀመሪያው ቀን መዳፌ ተላጠ፤ በሁለተኛው ሚስቲቱ ዶማውን ከእጄ ወሰደችው። የከፈትነው መሬት አንድ አውድማ ቢያክል ነው። ዘሩ ተበተነና ስልቻው ከግማሽ በላይ ቀረ።

በስድስተኛው ቀን ጧት ልሂድ አልሁ። ሚስቲቱ በተሰባበረው እርጥብ እንጨት ጭስ ውስጥ እያነባች ከቀረው ገብስ ቆላችልኝ።

«ዘር አይደለም እንዴ?» አልኋት።

«ዘር የሚሆነው የሚዘሩበት ሲኖር ነው» አለችኝ፤ በጨርቅ ቋጥራም ሰጠችኝ። ተቀበልሁ። መግደርደር እንኳ አልተግደረደርሁም።

ሰውየው እስከ ተራራው ጫፍ ሸኘኝ፤ ዕቃዬን የተሸከመው እሱ ነው። ስንለያይ ፊቱ በእውነት አፍሮ ነበር።

«ሳናስተናግድህ ሄድህ» አለኝ። «አትታዘበን።»

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ሰው ላይ እንደዚያ የተቆጣሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። «ሞፈር መሆኑን ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ጮህሁበት።

ያልገባው መሰለ። «ብነግርህ እሳቱ ይሞቅህ ነበር?» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ብርዱ ገና በአጥንቴ ውስጥ ስለነበር መዋሸት አልችልም፤ እሞቅ ነበር። ይህን አልነገርሁትም። መንገዱን ያቅናልህ ብሎኝ ዶማው ወደ ቀረበት ወረደ። ከዚያ የቀጠለውን ጥቅምት ማየት አለማየታቸውን አላውቅም፤ ከጣልያን በኋላ መንገዱ ሲከፈትም ሄጄ አልጠየቅሁም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። እውነቱ ግን፣ ብሄድና አሮጊቷ በሕይወት ቢገኙ፣ ግባ ይሉኛል ብዬ ነው።

ቆሎውን ቁይ ሳልደርስ ጨረስሁት።