ሁለት ቁጥር ዳይመንድ

የእህቴ ባል ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ የሚደለድል የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ካምፑ ይነቀላል፤ ካምፑ ሲነቀል እሱም ፍራሹን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከየካምፑ ይዞት የሚወጣው ዕቃ ብዙ አልነበረም። የመፍቻ ሳጥን፣ አንድ የብረት ኩባያ፣ በተረፈ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የካርታ ጨዋታ ሕግ ነው። ዕድሜውን እንኳ የሚቆጥረው በዚያ ነበር። ሥራ መቼ ጀመርክ ሲሉት፣ "ጦር ገዢ በነበረችበት ካምፕ" ይላል።

ጨዋታዎቹ ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም በየተራው አንድ አንድ ካርታ ይጥላል፣ ትልቁን የጣለ የተጣለውን ያነሳል፣ ዙሩ አለቀ። መጀመሪያ የተጣለው ካርታ ቀይ ልብ ከሆነ፣ ልብ ያለው ሰው ልብ መጣል ግዴታው ነው። ይህ የትም አይለወጥም። ሌላው ሁሉ ግን እንደየካምፑ ነው።

በመጀመሪያው ካምፕ ጥቁሯ ጦር፣ ስፔድ የሚሏት፣ ምንጊዜም ገዢ ነበረች፤ ሁለት ቁጥር ጦር የሌላውን ንጉሥ ትጥላለች። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ስንት ዙር እንደሚያነሱ አስቀድመው ይናገራሉ፣ ያሉት ካልሞላ ይቀጣሉ። በሁለተኛው ካምፕ ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር የጠራ ሰው ገዢውን ይመርጣል፤ ጓደኛው ካርታውን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና አርፎ ይቀመጣል። እህቴን ያገኛት እዚያ ነው። የመለዋወጫ መጋዘን ጸሐፊ ነበረች። ያንን መዘርጋት አልወደደችውም። "እኔ አፌን ዘግቼ ሌላ ሰው በእጄ ሲጫወት አላይም" ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የሚጫወቱት ጦር ነው።

ከንግሥት በታች የሆነው ጃክ ከንጉሥ የሚበልጥበት ካምፕም ነበር። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ይህን በሰማ ቁጥር፣ እዚያ ካምፕ ደመወዝ የሚፈርመው ዘበኛው ነበር ማለት ነው ይላል። የመጨረሻው ካምፕ ጨዋታ ግን ጓደኛ የለውም። ገዢም የለውም። ሁሉም ለብቻው ነው፤ ልብ ያለባቸውን ካርታዎች ያነሳ ይከስራል፣ የጦሯን ንግሥት ያነሳማ አለቀለት። ምንም ሳይነካ የወጣ ያሸንፋል።

የእህቴ ባል ጡረታ ከወጣ በኋላ ልብስ ሰፊውና ሚስቱ በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ እየመጡ አራት ሆነው ጦር ይጫወቱ ነበር። ሚስትየዋ የሕፃናት መምህርት ናት። እህቴ ባሏ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ እሱ የተሰበረ እግሩን በሽቦ ባሰረላት ወንበር ላይ። ጓደኛ ለጓደኛ ምልክት መስጠት ክልክል ነው፤ እህቴ ሕጉን አጥብቃ እስከ ትንፋሽ አድርሳዋለች። ባልዋ መጥፎ ካርታ ሲደርሰው በረጅሙ የመተንፈስ ልማድ አለው። በተነፈሰ ቁጥር እሷው ራሷ ከራሳቸው አንድ ዙር ትቀንሳለች። "ሳንባህን ቤት ትተህ ና" ትለዋለች፣ ቤታቸው ተቀምጠው።

እሷ ከሞተች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ።  ደክሞኛል ይላል፣ ይተኛል፣ ተኝቶም ይደክመዋል። በሁለተኛው ወር ባልና ሚስቱ መጥተው እኔን አራተኛ አድርገው እንዲጫወት ለመኑት። ስለ እኔ፣ "እሷ ካርታ አታውቅም" አለ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ግን ነገሩ እሱ አልነበረም፤ እህቴ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት አልፈለገም። በመጨረሻ ግን የመጨረሻውን ካምፕ ጨዋታ ለሦስት ለመጫወት እሺ አለ። ሃምሳ ሁለት ለሦስት ስለማይካፈል ሁለት ቁጥር ዳይመንድን አወጣና በእህቴ መነጽር ማኅደር ውስጥ አስቀመጣት። አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ይታደላሉ።

እንደዚያ አምስት ወር ሄደ። አንድ ቀን መምህርቷ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባችና ባሏ መምጣት እንደሰለቸው ነገረችኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስቱም አንዱ ከሌላው እየሸሸ ነው የሚውለው፤ ቀልድም የለ፣ ኩርፊያም የለ። ምናልባት ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እንቀራለን አለች። አልፈረድኩባትም። እነሱ ከቀሩ ግን ከእኔ በቀር ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም።

የዚያን ቀን አንሶላ እያጠፍኩ እዚያው ክፍል ነበርኩ። ልብስ ሰፊው ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል፤ ሰውየው ራሱ ወፍሮ መጥቶ ሱሪዬን አጠበብክብኝ ብሎታል። የእህቴ ባል ካርታውን በወዘ፣ ወሬውን እየሰማ አደለ። አንስቶ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"እኔ ጋ ጎደለ" አለ።

"ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

ልብስ ሰፊው የራሱን ቆጠረ፣ አሥራ ሦስት። የሚስቱም አሥራ ሦስት። ከዚያ ሁላችንም እኩል አየነው። ባዶው ወንበር ፊት አሥራ ሦስት ካርታ ተደርድሯል። እጁ እንደ ድሮው ለአራት አድሏል፤ አንዷ ካርታ ስለሌለች፣ መጨረሻ ላይ ለራሱ ሲያድል እሱ ጋ አጠረች።

ልብስ ሰፊው ካርታውን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ።

"ተወው" አለ የእህቴ ባል።

 መምህርቷ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ታስተካክላለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ከመነጽሩ ማኅደር ውስጥ ያለችውን ካርታ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። አመጣሁለት። ከእጁ ካርታዎች መካከል ሰካት።

"በይ ተቀመጪ።"

"ጋሼ፣ እኔ አላውቅበትም እኮ።"

"አውቃለሁ። ተቀመጪ።"

መምህርቷ የትኛውን እንደምንጫወት ጠየቀች። ጦር ገዢ፣ ሁለት ለሁለት አለ።

ወንበሩ ዝቅ ይላል፣ ትንሽም ይወዛወዛል። ካርታዎቹን በሁለት እጄ ያዝኳቸው። በሦስተኛው ዙር እሱ ከልብ ሁሉ የሚበልጠውን አስ ጣለ፤ ዙሩ የእኛ ነበር። እኔ ልብ ስላልነበረኝ፣ ያለኝን ትልቅ ጦር በከንቱ ጥዬ የገዛ ጓደኛዬን ቆረጥኩት። ልብስ ሰፊው ሳቁን ለመደበቅ ካርታውን አፉ ላይ አደረገ።

የእህቴ ባል በረጅሙ ተነፈሰ።

 ልብስ ሰፊው ሚስቱን አየ፣ እሷ እኔን አየች።

"አንድ ዙር ቀንሱብን" አለ፣ ካርታው ላይ እንዳቀረቀረ።

ተሸነፍን። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተሸነፍን። ልብስ ሰፊው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ኦፕሬተር፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ሳንባህን አሠራው አለው። ሳይስቅ እሺ አለ። ከዚያ ተቀምጦ ሃምሳ ሁለቱንም ቆጠረና ወደ ሣጥናቸው መለሳቸው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ደክሞታል።

"ቅዳሜ ቀደም ብለሽ ነይ" አለኝ። "ልብሱ ይቆይ። ለመልመድ ገና ብዙ ይቀርሻል።"