አሥራ አንድ አሮጌ ኮርቻ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳባት አስተምር ነበር። ባልደረቦቼ ከደመወዛቸው የተረፈችውን ይዘው በግ ይገዛሉ፣ ቆርቆሮ ይገዛሉ፣ እቁብ ይጥላሉ። እኔ አሮጌ ኮርቻ መግዛት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ደባርቅ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከበየዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገብሳቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ከጆንያው ሥር አንድ ኮርቻ አወጡ። ቀዩ ቆዳ ጠቁሯል፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ የናስ ጌጡ ግን እንዳለ ነው። አባታቸው በዚህ ኮርቻ ተቀምጠው ሲያልፉ ሰው ከመንገድ ዞር ይልላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ልጆቻቸው ግን አይሱዙ ላይ ስለሚሳፈሩ ኮርቻው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ኖሯል። ያን ቀን ከእኔ በቀር ዋጋውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቱሪስቱም የሚፈልገው የቀንድ ዋንጫና የብር ጌጥ ነበር። የገዛሁትም ለዚሁ ነው። በየቤቱ ያለው ኮርቻ በስብሶ ማለቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደህናውን ያስቀመጠ ሰው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ደባርቅ ዳር ቆዳ እየፋቀና እየሰፋ ነው ያሳደገኝ። የሚያሠሩት ሰዎች ሥራውን ያደንቃሉ፣ እሱን ግን ከአጥር ውጭ አቁመው ያነጋግሩታል። ኮርቻ የሚያዝ ሲጠፋ ከመኪና ጎማ ጫማ ወደ መሥራት ገባ። ያን ቅዳሜ ኮርቻውን ተሸክሜ ስገባ አየኝና ደመወዜን ምን እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቁጣ ስጠብቅ ኮርቻውን ገልብጦ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይህን እኔ አልሠራሁትም» አለ። «የሠራው ሰው ግን ሙያ ያውቅ ነበር።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የተበላውን ጠርዝ እየቆረጠ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ። እኔ እየዞርኩ እገዛለሁ፣ እሱ ያድሳል። ኮርቻ ሳይገለበጥ እንደማይገዛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ውስጡ የዋንዛ እንጨት ከሆነና ካልተሰነጠቀ ቆዳው ቢበጣጠስም ግዢ፤ በናይሎን ክር የተሰፋ ከሆነ ግን ተይው ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ጊች እየሄድኩ ጠየቅሁ። ጊች ያገኘኋት ሴትዮ ኮርቻው ውስጥ ዶሮ አስታቅፋ ነበር። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ጫጩቶቹ እስኪወጡ እንድጠብቅ ነገረችኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያን ሁሉ ዳገት እንደገና ወጣሁ። አንድ ሰው ደግሞ በጨርቅ የጠቀለለ የቤተ ክርስቲያን መስቀል አምጥቶ ግዢኝ አለኝ። ወደ መጣበት እንዲመልሰው ነግሬ ሸኘሁት።

አስተማሪዎቹ በቅሎዋን መቼ ነው የምትገዢው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ደባርቅ ያለው ቤታችን በኮርቻ ሞላ። አንድ ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር አንድ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም በአሮጌ ቆዳ ዋጋ ልውሰድ አለ። ልሸጥለት ደርሼ ነበር። አባቴ ግን ፍሳሹን በላስቲክ እንሸፍነዋለን፣ ኮርቻው ይቆይ አለኝ። ቆየ።

ሞባይል በየኪሱ ከገባ በኋላ ነው ጎንደር ላይ ትልቅ ሆቴል የሚሠራ ሰው ስለ እኛ ሰምቶ የመጣው። አሥራ አንዱን ኮርቻ ከላይ ከሚለብሱት ጥልፍ ጨርቅ ከነግላሳቸው፣ ከነእርካባቸው ግቢ ውስጥ አግዳሚ እንጨት ላይ ደርድረን ጠበቅነው። አንድ በአንድ እየዞረ ሲያይ ቆይቶ ዋጋቸውን እኔን ጠየቀኝ። ዋጋውን የሚነግርህ ባለሙያው ነው ብዬ አባቴን አሳየሁት።

አባቴ እንደ ልማዱ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ሰውየው ራሱ በርጩማ አመጣና «ይቀመጡ፣ አባቴ» አለው። አባቴ ተቀመጠ። የእያንዳንዱን ኮርቻ አገር፣ እንጨቱን፣ ስፌቱን፣ የታደሰበትን ቦታ ሳይቀር እያሳየ አስረዳው። በመጨረሻ እኔ ለመጥራት የማልደፍረውን ዋጋ ጠራ። ሰውየው እንዲቀንስለት ለመነው።

«አልቀንስም» አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ይህ ካልሆነ ልጄ ትጠብቃለች። መጠበቅ ታውቅበታለች።»

ሰውየው ሳቀ። በተጠራው ዋጋ ሁሉንም ወሰደ፤ በዚያ ላይ ሦስት አዲስ ኮርቻ አዘዘ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

በዚያ ገንዘብ እዚያው ደባርቅ አስፋልቱ ዳር ከነሱቁ የድንጋይ ቤት ሠራን። አባቴ የጎማ ጫማውን ትቶ ወደ ኮርቻው ተመለሰ። ለሠርግ ሙሽራን በበቅሎ ማጀብ እንደገና ሲወደድ፣ ድሮ ከአጥር ውጭ ያቆሙት የነበሩ ሰዎች ልጆች ሱቃችን ገብተው ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። ያሾፉብኝ አስተማሪዎችም ምን ገዝተን እናስቀምጥ እያሉ ያማክሩኝ ጀመር።

ሆቴሉ ሲመረቅ ተጠራን። ኮርቻዎቹ በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያውን ተሰቅለዋል። እንግዶቹ ያደሳቸው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ባለ ሆቴሉ የአባቴን እጅ ይዞ እየዞረ አስተዋወቀው፤ ለምሳም አጠገቡ አስቀመጠው። ማታ በመኪና ስንመለስ ይደክመዋል ብዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለቀቅሁለት። እሱ ግን ዓይኑን አልከደነም። ደባርቅ እስክንደርስ ስለሚቀጥለው ግላስ ጥልፍ፣ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ሲያወራኝ መጣ።