ኬላ ላይ የተከፈተው ራፕ

በአፍ ደፋር ነበርኩ። መርሳ ላይ ጎሚስታ የሆነው ጓደኛዬ በስልኩ ቢት ይሠራል፣ እኔ ራፑን እለቅበታለሁ። የአዲስ አበባ ራፐሮች ስለ ሰፈራቸው ጩቤ ሲያወሩ እኛ እናንሳለን እንዴ? «በክላሽ አጭዳለሁ፣ ሰፈሬ ደም ነው» አልኩ። ሰፈሬ እኮ ማንጎና ሽንኩርት የሚሸጥበት ነው! ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ ኬላ ላይ ስለሚፈተሽ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስልኩን ያጸዳል፤ ፎቶም መልእክትም ይጠፋል። ወደ ወልድያ ልንሄድ ስንል የጓደኛዬን ስልክ ያጸዳሁለት እኔው ነኝ። ራፑን ግን ሳላጠፋ ተውኩት። ዘፈን ማንን ይጎዳል ብዬ!

ወልድያ ሳንደርስ ታጣቂዎች ሚኒባሱን አስቁመው አወረዱን። ትከሻ እያስገለጡ የጠመንጃ ማንገቻ ምልክት ይፈልጋሉ። የጓደኛዬ ትከሻ ጎማ ሲሸከም ኖሮ ጠቁሯል።

«ይሄስ?» አለ አንዱ። ስልኩን ተቀብሎ ሲነካካ የእኔ ድምፅ አምባረቀ፦ «በክላሽ አጭዳለሁ!»

በስመ አብ!

«ማነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጓደኛዬ። ሰው እንዲህ ይላል? እኔ፣ ያ ሁሉ አፍ፣ ጭጭ!

«እስቲ አሁን በለው።»

ጀመረ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። መቼ ያውቀዋል፣ የእሱ ሥራ ቢቱ ነው። ታጣቂው ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ሲጎትተው ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ከቆመበት ቀጠልኩ። እንባዬ እየወረደ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ ሃያ ሰው ገደልኩ፣ ሰፈር አቃጠልኩ፣ ሬሳ ላይ ተራመድኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ታጣቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ይሄ ደግሞ ሊገድል!» ብለው ስልኩን መለሱና ለቀቁን።

ሚኒባሱ ሲነሳ ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንት፣ የግራና ከተማ ነጋዴ ናቸው፣ ከእኔ ሸሽተው ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጡ። ታጣቂዎቹ ቢስቁም እሳቸው እያንዳንዷን ቃል አምነውኛል።

«አንተ ልጅ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ስንቱን ነው የገደልኸው?»

«ኧረ አባባ ይመኑኝ፣ ማንንም! ወሬ ነው እኮ፣ ዘፈን ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። እየተንቀጠቀጠ የነበረውን ጓደኛዬን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

«ታዲያ ይሄን ልጅ በወሬ ልታስገድለው ነበር?»

ወልድያ እስክንገባ ቀና ብዬ እሱን ማየት አቃተኝ።