ለዕድሜ ልክ የተከፈለበት ሬዲዮ

የባለቤቴ እህት ሕመሙን ለወንድሟ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ ታወራለች። ይህን ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በለቅሶ ቤት ብላዋለች፣ በሠርግ ቤት ብላዋለች። አንድ ጊዜ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጥቂት ሰዎች ከኋላዋ ቆሜ ሳለሁ፣ ለማላውቃት ሴት "ሚስቱ ባትነግረው ኖሮ ይተርፍ ነበር" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዞር ብትል ታየኝ ነበር። አልዞረችም፤ እኔም አልጠራኋትም። ሰልፉን ትቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያ ቀን ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ፊት ለፊት እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራት፤ እዚህ ላይ ግን አልችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ሬዲዮ ነው።

ቀለበት መንገዱ ተሠርቶ ባለቀ ሰሞን አንድ ኩባንያ የሳተላይት ሬዲዮ ይሸጥ ነበር። መሣሪያው ትንሽ ነው። መዳፍ የምታክል አንቴና መኪናው ጣሪያ ላይ ትቀመጥና ከሰማይ የዓለሙን ጣቢያ ሁሉ ታወርዳለች። የአገር ውስጡ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ የስብሰባና የልማት ወሬ በሚያወራበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ጉርድ ሾላ ከሚገኝ ሱቅ ለሙከራ አስገጠመው። ሞተር ሳይነሳ፣ ቁልፍ ሳይዞር እንዲሠራለት ከባትሪው ጋር በቀጥታ እንዲያያይዙት ጠየቃቸው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መኪናውን ከመንዳት ይልቅ ውስጡ መቀመጥ ይወድ ነበርና። ግቢያችን ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ ያዳምጣል።

የሙከራው ጊዜ ወደ ማለቁ ሲቃረብ የክፍያውን ነገር መወሰን ግድ ሆነ። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነበር፤ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ወይም አንዴ ተከፍሎ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል። የዕድሜ ልኩ ውድ ነው፤ ግን ጥቂት ዓመት ከተጠቀሙበት ይረክሳል። ሻጩ ይህን ሲያስረዳው አጠገቡ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ የዕድሜ ልኩን ይውሰዱና ይገላገሉ" አለው።

"የማን ዕድሜ ነው? የኔ ወይስ የመኪናዋ?"

"የመሣሪያው ነው ጋሼ። መኪና እንኳ ቢቀይሩ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ።"

"የምሄድበት አገር መኪና ካለ" አለ ባለቤቴ። ሻጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያት ነበረኝ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሐኪሙ እኔንና እህቱን ለብቻችን ጠርቶን ነበር። ባለቤቴን ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ትተነው ገባን። በሩ ሲዘጋ በቀረችው ክፍተት ወደ እኛ ሲያይ አየሁት። ሐኪሙ ጉበቱ ላይ ያገኘውን ነገረን። ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ስንጠይቀው ዓመት አይሞላም አለ። በአገራችን ወጉ ይኸው ነው፤ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለታማሚው አይነገርም። የሰማሁት ነገር ገና ሳይገባኝ እህቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

"ለሱ ጨጓራ ነው የምንለው" አለችኝ። "ከአፍሽ ሌላ ቃል እንዳይወጣ።"

"እሺ እትዬ።"

"ማይ አልልሽም፤ በኛ እምነት መሐላ የለም። ግን እግዚአብሔር ይሰማሻል።"

እሷ ጌታን ከተቀበለች ቆይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኗ ጸሎት ተያዘለት፤ ብዙም ሳይቆይ ድኗል ተባለ። ድኗል ከተባለ በኋላ ሞት የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ሁሉ ፈውሱን አፍራሽ ነው። እኔን ደግሞ ከጥንትም አትወደኝም። ለወንድሟ ስስታም ሴት እንደደረሰችው ነው የምታምነው።

ስስታም አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ሁሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግዢ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ መጠርጠር ነበር። ከሦስት ሻጭ የዋጋ ፕሮፎርማ ካልቀረበልኝ እርሳስ አልገዛም። ቤቴም ያው ነኝ። ለአንድ ምንጣፍ ባለቤቴን ሱቅ ለሱቅ ሳዞረው ውዬ ባዶ እጃችንን የገባንበት ቀን አለ። አዲስ ነገር ባማረው ቁጥር እኔ አፌን ሳልከፍት "አውቃለሁ፣ ፕሮፎርማ አምጣ ልትይኝ ነው" ይለኝ ነበር። እኔም እለው ነበር። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያለዚህ ቃል የገባ ዕቃ የለም።

ስለ ሬዲዮው መጀመሪያ የጠየቃት እህቱን ነው። እሑድ እኛ ቤት ምሳ እየበላን ነበር።

"እትዬ፣ የዓመቱን ልክፈል ወይስ የዕድሜ ልኩን?"

"ይህ ምን ጥያቄ ነው፤ የዕድሜ ልኩን ነዋ" አለችው፣ ጉርሻውን ሳትውጥ። "ገና የልጅ ልጅ ትድራለህ። አሜን በል።"

"አሜን" አለ።

"ድምፅህ የታለ?"

"አሜን እትዬ።"

ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ።

ብዙ ቀን ስለ ሬዲዮው አላነሳም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንጦጦ እንውጣ አለኝ። ከስቶ ስለነበር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ካስበሳ ሰንብቷል። ግን ይነዳ ነበር። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ጉሙ ተቀበለን።

የሳተላይት ሬዲዮ ሲቋረጥ እንደ ድሮው ሬዲዮ አያፏጭም፣ አይንኮሻኮሽም። ባሕር ዛፉ ከላይ ሲገጥምብን ድምፁ በአንዴ እልም ይላል። ከዛፎቹ ስንወጣ በሬዲዮው የሚናገረው ሰውዬ ንግግሩ መሃል ላይ ይገኛል። እኛ ስላልሰማነው አላቆመም። ባለቤቴ የሚያዳምጠው እኔም እሱም የማናውቀው ቋንቋ የሚነገርበትን ጣቢያ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ በቀስታ የሆነ ነገር ያነብባል። ለምን ይህን እንደሚሰማ ጠይቄው ነበር። "ምን እንደሚል ስለማላውቅ ጥሩ ነገር ይመስለኛል" አለኝ።

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ መንገድ ዳር አቆመ። ሞተሩን አጠፋው፤ ሰውየው ማንበቡን ቀጠለ። ከጉሙ ውስጥ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች መውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ ሸክሙ ብቻ ይታያል፣ ከዚያ እግር፤ ፊት የላቸውም፣ እንዳጎነበሱ ያልፋሉ። አንዷ በሱ በኩል ካለው መስኮት ደርሳ ቆመች። ከሸክሟ ሥር አንገቷን አጣማ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"እግዜር ይማርዎ አባቴ" አለችና ሄደች።

አልሳለም፤ አልተናገረም። መስኮቱም እንደተዘጋ ነበር።

"ጨጓራዬን ማለቷ መሆን አለበት" አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር። ከዚያ ጠየቀኝ።

"እስቲ አንቺ የግዢዋ፣ ፍረጂው። የዕድሜ ልኩ ያዋጣል?"

ጥያቄዎቹ በሙሉ ምላሴ ላይ ነበሩ። ኩባንያው ቢዘጋ ማን ይጠየቃል? መሣሪያው ቢበላሽ ሌላ ይተኩልሃል ወይ? ዋስትናው የታለ? ግን አንዱን ካነሳሁ ቀጥሎ የሚመጣው የዓመት ስሌት ነው፤ ስንት ዓመት ብትጠቀምበት ነው የሚያዋጣህ የሚለው። እዚያ እንድንደርስ አልፈለግኩም።

"ውሰደው" አልኩት።

"የዕድሜ ልኩን?"

"አዎ። ያዋጣል።"

ሬዲዮው ቀጥ አለ። ነፋስ ቅርንጫፉን አንቴናው ላይ አዘንብሎት ይሆናል። እኔ ግን ከኋላ ወንበር የነበረ ሰው በሩን ሳይከፍት የወረደ መሰለኝ። ባለቤቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጉሙን ያያል።

"ፕሮፎርማ አላልሽም" አለኝ።

"ምን?"

"አላልሽም ነው የምልሽ።"

ዞሬ አየሁት። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተሸከመውን ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።

"እትዬ እንዳታውቅ" አለ።

"ምኑን?"

"ማወቄን። በጸሎቱ ብዙ ደክማለች።"

ድምፁ ተመለሰ፤ ሽማግሌው ከየት እንደቀጠለ እንጃ፣ ያነብባል። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "እንግዲያው የዓመቱ..." ብዬ ጀመርኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ባለቤቴ እስኪያስለው ሳቀ።

"አሁን ገና መጣሽ" አለኝ። "የዓመቱን ብወስድ እትዬ ምን ትላለች? እነ እትዬ ድነሃል፣ በል ተነስ አይደለም የሚሉት፤ የዕድሜ ልኩን እንወስዳለን።"

በማግሥቱ ሄዶ ከፈለ። እህቱ ስትሰማ እጇን ወደ ሰማይ አንስታ አመሰገነች። "እምነት ማለት ይህ ነው" አለችኝ፣ እኔ የሌለኝን ነገር እንደምታሳየኝ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሳሎኑ ሰው በሰው ነበር። ሁሉም ስለ ጨጓራ ይነጋገራል፤ አንዱ ተልባ ይላል፣ ሌላው ማር ይላል። እሱ ተልባውን ይጠጣል። "ዛሬ ተሽሎኛል" ይላቸዋል፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ የሚያያቸው አስተያየት ግን የሚያስፈራ ነበር። የሞቱት እነሱ ሆነው እንዳይነገራቸው የሚጠነቀቅላቸው ይመስል ነበር። እኔና እሱ ለብቻችን ስንቀር ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሳንም። እንጦጦ ላይ አልቆ ነበር።

የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ። በሞተበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ደግፌ ወደ ቤት ሳስገባው የመኪናውን በር እኔ ዘጋሁት። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል አረፈ።

ድንኳን መትከያ ቦታ ስለጠበበ ሰዎች መኪናውን ገፍተው ግንቡ ሥር፣ ትልቁ ጥድ ጥላ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ለድንኳኑ ፎቶ ተፈለገ። ያለን ሁሉ የድሮና ትንንሽ ነው። አንዲት ጎረቤት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ስትፈልግ ከካፖርቶቹ ጀርባ በሻርፑ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ትልቅ ፎቶ ነው፤ ጥቁር ፍሬም ገብቶለታል፣ መስተዋት አለው። የለበሰው በዚያው መስከረም የገዛንለትን ጠባብ ኮት ነው። ከሳምንታት በፊት ፎቶ ተነስቶ፣ አሳድጎ፣ ፍሬም አስገብቶ አስቀምጦታል። እኔ ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ምስክር የለኝም፣ ግን አላየሁትም። እንጦጦ ላይ ጉሙን ሲያይ በነበረው ዓይን ካሜራውን ያያል።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ፎቶውን ከበቡት። እህቱ ፎቶውን ተቀብላ ፊቱን በመዳፏ ጠረገችው፤ አቧራ አልነበረበትም።

"ይህን ማን ነገረው?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ነግረሽዋል። ተስፋውን ቆረጥሽበት።"

 እንዴት እንዳወቀ ከነገርኳት፣ ያ ሁሉ አሜን ለሷ ሲል የተባለ መሆኑን ታውቃለች። እሱ ያንን አልፈለገም። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እንደ ማመን ተቆጠረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ሰዎቹ መኪናውን ወደ ቦታው ሊመልሱት ከጥዱ ሥር ገፉት። እኔና እህቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ሳንነጋገር። መኪናው ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ሲነካው፣ በተዘጋው መስኮት ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ። የሽማግሌው ድምፅ፣ ንግግሩ መሃል ላይ። የሚገፉት ሰዎች እጃቸውን አነሱ፤ አንዱ አማተበ። መኪናው ለብቻው ትንሽ ተንከባለለና ቆመ። ድምፁ አልቆመም።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ባለቤቴ በመጨረሻው ቀን ሳያጠፋው ወጥቷል፤ ሲገፉት በልቅሶው ጩኸት ማንም አልሰማውም፣ ከዚያ ጥዱ ሰማዩን ጋርዶበት ነው የከረመው። ይህን ለሁሉም አስረዳሁ። እህቱ አልሰማችኝም። ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከታ መኪናውን ታያለች። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ገብታ አታውቅም፤ ወሬዋን ግን ከውጭ ሆና ቀጠለች።

እሱ ያዘዘኝን እስካሁን ጠብቄያለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም። እትዬ፣ እኔ አልነገርኩትም። እርስዎንም እኔንም ጠየቀን፤ ሁለታችንም ያዋጣል አልነው። የእርስዎን አሜን ለእርስዎ ሲል ነው ያለው።

ሬዲዮው ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠራ። መንዳት አልችልም፤ ባትሪውን እያስሞላሁ ቀን ቀን ገብቼ እቀመጥ ነበር፣ ሁልጊዜ በራሴ ወገን። የሱ ወንበር እንዳጋደመው ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው እያነበበ ሳለ ድምፁ እልም አለ። እንደ ልማዴ ዛፉን እስክናልፍ ጠበቅኩ። ቆይቼ ነው መኪናው እንዳልተነሳ፣ ጥዱንም ካስቆረጥኩት እንደቆየሁ ያስታወስኩት። ከላይ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር። ኩባንያው ሥራ ማቆሙን የሰማሁት በኋላ ነው።

ጨለማ እስኪሆን እዚያው ተቀመጥኩ። ከዚያ በእንጦጦ ያስቀረሁትን ጥያቄ ወደ ሱ ወንበር ዞሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኩት።

"ኩባንያው ቢዘጋ ማን ይጠየቃል?"

አሁን ገና መጣሽ ይለኝ እንደሆነ አዳመጥኩ።